የባሎቻችን ጠብታ

መስኮታችሁ ላይ ወይ ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ከሌላ ሰው የተረፈች የዓይን ጠብታ ካለች ተነሱና ጣሏት። ከጣላችኋት በኋላ ተመልሳችሁ ቁጭ በሉ፣ ለምን እንዲህ እንደምል እነግራችኋለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ሐና ናት። አንዳንዱን ላሳምረው ትለኛለች፣ እንዳልኩት ተይው እላታለሁ።

አስካለ እባላለሁ፣ አሰላ ነው ኑሮዬ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወታደር ነበር። ሁለት ዓይኑን ፈንጂ ወስዶት ነው ከግንባር የተመለሰው። እስኪሞት ድረስ እጁን ይዤ የመራሁት እኔ ነኝ። እሱና እንደሱ ዓይናቸውን ጦር ሜዳ ጥለው የመጡ ሰዎች ተሰባስበው መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። ከኢተያ የመጣ አለ፣ ከሁሩታ አለ፣ ከሲሬ አለ። እሱ ሲሞት እኔ ልቀር ስል አይሆንም አሉ። ጡረታ ቢሮ ሄዶ የሚጨቃጨቅልን ማነው፣ ባንኩ ለዓይነ ስውር ያለ ምስክር ደብተር አላወጣም ሲል ጠረጴዛውን የሚደበድብልን ማነው አሉኝ። እንዲህ አድርገው ሊቀመንበር አደረጉኝ። ያልተማረች ሊቀመንበር። ደብዳቤውን የተማረ ይጽፋል፣ አፉ የኔ ነው።

የስብሰባችን ቀን ጠዋት መናኸሪያ እሄድና ከሚኒባስ ሲወርዱ እቀበላቸዋለሁ። ከዚያ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ይሰለፋል። የመጀመሪያው የኔን ትከሻ ይይዛል፣ አስፓልቱን ተሻግረን ሽቅብ ወደ ቀበሌው አዳራሽ እንወጣለን። ሚስቶቻቸው ዕቃ ተሸክመው ከኋላ ይከተላሉ። ሰው ቆሞ ያየናል። አሥር አለቃ ገመዳ የሚባል የሲሬ ሰው አለን፣ ቀልደኛችን ነው፣ ሰው እንደቆመ ሲሰማ "ምን ያያሉ፣ እኛ እንኳ አላየናቸውም" ይላል።

አዳራሽ ስንገባ መጀመሪያ የምንሠራው ጠብታ ነው። እናንተ ዓይን ሲጠፋ ሕመሙም አብሮ የሚጠፋ ይመስላችኋል። አይጠፋም። ፍንጣሪ የቀረበት አለ፣ ጠባሳው እሳት የሚሆንበት አለ። ለነዚህ ሐኪም ያዘዘላቸው ጠብታ አለ፣ የሚያቃጥለውን የሚያበርድ። ለራሳቸው ሲጨምሩ ጉንጫቸው ላይ ስለሚፈስ እኔና ሚስቶቻቸው ነን የምንጨምርላቸው። ብልቃጧ አንዴ ከተከፈተች በወሩ ትጣል ተብለናል። እንግዲህ ማን ይጥላታል? ያቺን መድኃኒት ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንተን ነው። ከታች የቀረችውን መጣል ግፍ መስሎን እናስቀምጣለን።

ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሩ ኢተያ ማሳ ሲገባ የገለባው ብናኝ የትም ይደርሳል። ለማኅበሩ ቅስቀሳ ገጠር ለገጠር ስዞር ዓይኔን ይበላኛል፣ ይቀላል። አንድ ቀን ከገመዳ ብልቃጥ የተረፈችውን ዓይኔ ውስጥ ጠብ አደረግኩ። የምንጭ ውሃ ማለት ነው። ቅላቱ ሄደ፣ ማሳከኩም ሄደ። የነሱን የተጎዳ ዓይን ያሻለ መድኃኒት የኔን ጤነኛ ዓይን ምን ያደርገዋል አልኩ። መጀመሪያ ሲበላኝ ነበር የምጨምረው፣ ኋላ ሳይበላኝም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሆነ። የገመዳ ሚስት ሻሺቱ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል ስትለኝ "እንቺ" ብዬ ሰጠኋት። ሌሎቹም ሴቶች ወሰዱ። "የባሎቻችን ጠብታ" እንላት ነበር። ከውትድርና ያመጡልን በረከት ይቺ ብቻ ናት እያልን እንስቅባታለን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ።

የኔ በሽታ አያምም። ክፋቱ እሱ ነው። ቢያመኝ ኖሮ እጮህ ነበር። መጀመሪያ አምፖል ዙሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ክብ አየሁ፣ ጭስ ነው አልኩ። ቀጥሎ የግራ ትከሻዬ የበር መቃን ይመታ ጀመር። ከግራ በኩል ሰው "እንዴት አደሩ" ሲለኝ እደነግጣለሁ፣ ከመሬት የበቀለ ነው የሚመስለኝ። እርጅና ነው አልኩ። ሰው ሲያረጅ ስንት ነገር ይሆናል።

ቅርባችን ካለ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ልጅ በባትሪ አየኝና "አለርጂ ነው እናት፣ አቧራ ይቆጠቡ" ብሎ ቅባት ሰጠኝ። መነጽር ቤት ሄድኩ፣ መነጽር ሸጡልኝ። ከሁለቱም ሳይሻለኝ ሲቀር ሌላ ክሊኒክ ገባሁ፣ እዚያ ደግሞ "ሞራ ነው፣ ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ይገፈፋል" አሉኝ። ደስ አለኝ። ሞራ የተገፈፈለት ሰው አውቃለሁ፣ ወጥቶ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። እንግዲያው ይብሰል ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ሰብል ይመስል የዓይኔን መብሰል እጠብቃለሁ። ዓይንሽ ውስጥ ምን ትጨምሪያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም፣ የሚነገር ነገር መሆኑን በምን አውቄ።

ልጄ ሙሉ፣ የሐና እናት፣ ማኅበሩን ተዪ ትለኝ ጀመር። ጎረቤት ነግሯት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ዓይነ ስውር ስትጎትት ተጋባባት ይላሉ። እኔ ተቆጣሁ፣ ዓይን ማጣት ጉንፋን ነው እንዴ አልኳት። ተኳረፍን። በኋላ እሷው አስታራቂ ሆና ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉን አላማም፣ መንፈሴ ተረጋግቷል። ግን ከጠበሉ ስመለስ ጠብታዋን ጨመርኩ።

አልጋ ላይ ጋደም ስል አንዱን ዓይን በእጄ እከድናለሁ፣ ከዚያ ሌላውን። ቀኟ ግድግዳውን ታየዋለች። ግራዋ መሐሉን ታያለች፣ ዳር ዳሩ የለም። ጨለማ እንኳ አይደለም፣ የለም ነው። ቶሎ እጄን አነሳለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ የስብሰባ ቀን ሰልፉን እየመራሁ አስፓልቱን ስሻገር ሆነ። ከኋላዬ ትከሻዬን የያዘው ገመዳ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ ቶላ። ቶላ የኢተያ ልጅ ነው፣ ከግንባር ዓይኑን አጥቶ የመጣ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ። ወደ ግራ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ኑ አልኳቸው። ገመዳ ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝና መሬት ተቀመጥኩ። ባጃጅ በፊቴ አለፈ። ሹፌሩ ሲሳደብ ነው ያየሁት። ወደ ጎን የወጣውን የቶላን ምርኩዝ ሰብሮት ሄደ፣ ልጁ ባዶ እጁን ዘርግቶ መሐል አስፓልት ቆሟል።

አዳራሽ ስንገባ ገመዳ ለብቻ ጠራኝ። አልቀለደም።

"ከግራሽ ነው የመጣው።"

"ፈጣን ነበር" አልኩት።

"ቀስ ብሎ ነው የመጣው። እኔ ከሩቅ ሰምቼዋለሁ፣ አስካለ ታየዋለች ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ አታዪም።"

"ሞራ ነው። ይበስላል ተብያለሁ።"

"እስኪበስል እኛን ታስጨፈልቂናለሽ? ትልቁ ሐኪም ቤት እስክትሄጂ ትከሻሽን አልይዝም። ማንም አይይዝም፣ ነግሬያቸዋለሁ።"

እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ሆስፒታል የሄድኩት ከሙሉ ጋር ነው። በጨለማ ወጥተን ካርድ ክፍል ተሰለፍን፣ ከዚያ የዓይን ክፍሉ ደጃፍ ወረፋ ያዝን። አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ተቀምጧል። እዚያ ወንበር ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ግን ሰው ይዤ ነው። ነርሷ ታውቀኛለች፣ "ዛሬ ደግሞ ማንን አመጡ?" አለችኝ። ራሴን አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የሮቤ ሴት፣ የማላውቃት፣ አይታኝ ነጠላዋን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ያቺን ሴት እግዜር ይስጣት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። የዓይኔን ግፊት ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምራ ከኋላ ያለውን አየች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ቀረበችኝ።

"እማዬ፣ ዓይንዎ ውስጥ የሚጨምሩት ነገር አለ?"

ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋት። ብልቃጧን አገላብጣ አነበበች።

እንዲህ ብላ ነው ያስረዳችኝ። ዓይን ውስጥ ውሃ አለ፣ ይመነጫል፣ በቦይ ይወጣል። ይሄ ጠብታ ያለ ሐኪም ብዙ ጊዜ ሲወሰድ በአንዳንዱ ሰው ላይ ቦዩን ይደፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ይገፋል፣ ሲገፋ ከኋላ ያለውን የሚያየውን ጅማት ይገድለዋል። ሲገድል ድምፅ የለውም። ስሙ ግላኮማ ነው። ጠብታው ራሱ መርዝ አይደለም አለች፣ ለወታደሮቹ የታዘዘው በምክንያት ነው፣ እነሱም ክትትል አላቸው። ለኔ ግን ማንም አላዘዘውም።

"ግራዋስ?" አልኳት።

"የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ነው የምንጠብቀው።"

ልጄ ሙሉ እጄን ያዘችኝ። የማኅበሩን ስም ታነሳለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አላነሳችም። እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሻሺቱ። ሌሎቹ ሴቶች። "እንቺ" ብዬ በእጄ የሰጠኋቸው። እነዚያ ሴቶች እኮ የባሎቻቸው ዓይን ናቸው። የሚያዩት ዓይኖች በሙሉ የኔን ብልቃጥ ይዘዋል። ለሐኪሟ ነገርኳት፣ ዛሬውኑ እንዲያቆሙና ሁሉም መጥተው እንዲታዩ አለችኝ። ከግቢው ሳልወጣ በልጄ በሙሉ ስልክ ደወልንላቸው። ሻሺቱ "እሺ እተዋለሁ፣ አሁን ግን አጨዳ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ እኔ" አለችኝ። እኔም ደህና ነኝ እል ነበር።

ግፊቱን የሚያወርድ ጠብታ ተሰጠኝ፣ አልወረደም። ቀኟ ሳትሄድ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባልኩና ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ሄድኩ። ልጄ ሙሉ የጆሮ ወርቋን ሸጠች። ተቃወምኩ፣ "እማዬ ዝም በይ" አለችኝ፣ እንዲያ ብላኝ አታውቅም። ለውሃው ሌላ መውጫ ነው የሚከፍቱልሽ ተብያለሁ፣ ሲከፍቱ አላመመኝም። ከኦፕራሲዮኑ ሲያወጡኝ ግን ቀኟ ታሽጋለች። ግራዋ ጥላ ብቻ ናት።

ሕይወቴን ሙሉ ከዓይነ ስውር ጋር ኖሬ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ ወደኔ ይሁን ወደ ሌላ አላውቅም። ነርሷ ውሃ አስቀመጠችልኝ፣ "አጠገብዎ ነው" ብላ ሄደች። አጠገብ ማለት የት ነው? እጄን ስዘረጋ ብርጭቆው ወደቀ። ልጄ ሙሉ ምግብ ልትገዛ ወጥታለች። ጠማኝ። እሽጉ ሲፈታም እንዲህ ቢሆንስ? እየደጋገምኩ እሱን ብቻ ነው የማስበው። ቶላ አዲስ የመጣ ጊዜ ጉልበቱን ይዤ "አይዞህ፣ ይለመዳል፣ ስንቱ ለመደው" ያልኩት ትዝ አለኝ። ስንቱን እንዲህ ብያለሁ። አፌን ሞልቼ።

ስልኬ ጮኸ፣ በዳበሳ አነሳሁት፣ ቶላ ነው። ስለ ባንኩ ሊነግረኝ ነው የደወለው። ድምፄን ሲሰማ ባንኩን ተወው።

"እማማ፣ ታሽጎ ነው?"

"ታሽጎ ነው። ብርጭቆ ጣልኩ።"

"እጅዎን አያንሱት። ከጠረጴዛው ጫፍ ይጀምሩና እየሳቡ ይሂዱ፣ በእጅዎ ጀርባ። ሲነካዎ ይቆማሉ።"

ነርሷ ሌላ ብርጭቆ አምጥታ ነበርና እንዳለኝ አደረግኩ። ነካኝ። ጠጣሁ። እሱ በስልክ ስጠጣ ይሰማል።

"ቶላ፣ ይለመዳል ያልኩህ..." አልኩት።

"አልለመድኩትም እማማ። ብርጭቆ ማግኘት ነው የለመድኩት።"

እሽጉን ሲፈቱ ሐኪሙ ጣቱን አሳየኝ። ደብዘዝ ብሎ፣ ግን ጣት ነው። ኋላ መስኮቱን አየሁ፣ ኋላ የሙሉን ፊት፣ ጆሮዋ ባዶ ሆኖ። ግፊቱ ወርዷል። አታጎንብሺ፣ ከባድ አታንሺ፣ ክትትል እንዳታቋርጪ አሉኝ። ድነሻል አላሉኝም። ይሄ በሽታ ይጠበቃል እንጂ ድኗል አይባልም። ዛሬም ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት ጥቂት እቆያለሁ። ፈርቼ ነው።

አሰላ ስመለስ ሊቀመንበርነቱን ልተው አልኩ። አልተቀበሉኝም። ገመዳ ተነስቶ "እስከዛሬ እንግዳ ነበርሽ፣ አሁን ግማሽ አባል ሆነሻል፣ ሙሉ ለመሆን ግን አትቸኩዪ" አለ። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አፍሽ ይበቃናል አሉኝ። ሰልፉን ግን ለሻሺቱ ሰጠሁ። ከፊት እሷ፣ እኔ ትከሻዋን ይዤ ሁለተኛ። ሁሉም የሚሄደው በሷ ዓይን ሆነ፣ እሷ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ አልታየችም። አጨዳው አልቆ ውቂያ፣ ከዚያ ሠርግ ትላለች። ትከሻዋን በያዝኩ ቁጥር ወደ ግራ ዞር ስትል ይሰማኛል፣ አየች ወይስ እንደኔ አየሁ ብላ ነው እላለሁ። በመጨረሻ ገመዳን ያዝኩት። ትከሻዬን አልይዝም ብለኸኝ ነበር፣ የሚስትህንም አትያዝ አልኩት።

በሳምንቱ አመጣቸው፣ ሻሺቱንም ሌሎቹንም ሚስቶች፣ ባሎቻቸውም ተከትለው መጡ። የዓይን ክፍሉ አግዳሚ በጥቁር መነጽርና በምርኩዝ ሞላ። ነርሷ ወጥታ ታካሚዎቹን ስትፈልግ ወደ ወንዶቹ ሄደች። ገመዳ "እኛ ጨርሰናል እቱ፣ ተረኞቹ እነሱ ናቸው" አላት። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አልሳቀም።

ሌሎቹ ሴቶች ደህና ናችሁ ተብለው ወጡ። ሻሺቱ ቆየች። እንደኔ ቆየች። ገመዳ መቀለዱን ተወ፣ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። "አስካለ፣ ለምንድነው የምትቆየው?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። አውቃለሁ። እኔም ደግመው የለኩኝ ግፊቱ ሲበዛባቸው ነው። በሩን እያየሁ፣ አምላኬ፣ ከፈለግህ የኔን ቀኝ ውሰድ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ያልኩት አስፈራኝ።

ሐኪሟ ሻሺቱን ይዛ ወጣች። ግፊቱ ጨምሯል አለችን። ጅማቱ ግን አልተነካም፣ በጊዜ ተደርሷል፣ ጠብታዋን ስለተወች መውረድ ጀምሮ ይሆናል፣ ካልወረደ መድኃኒት አለ፣ ክትትል ብቻ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ገመዳ እጁን ዘረጋ፣ ሻሺቱ ያዘችው። "ሂን ሶዳቲን" አላት፣ አትፍሪ ማለቱ ነው። እሷ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ የሚንቀጠቀጠው የሱ እጅ ነው።

ደጅ ስንወጣ ፀሐይ ነው። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ገና አልለቀቃትምና ሻሺቱ ፊቷን በእጇ ጋረደች። "አይታየኝም፣ ሁሉም ነጭ ነው" አለች። ባጃጆቹ ከመንገዱ ማዶ ናቸው። ልጄ ሙሉ ሥራ ላይ ናት፣ ሌሎቹ ሴቶችም እንደሷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያየው የኔ ቀኝ ዓይን ብቻ ነው።

ከፊት ቆምኩ። ሻሺቱ ትከሻዬን ያዘች፣ ገመዳ የሷን፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አንገቴን እስኪያመኝ ወደ ግራ አዞርኩ፣ ግራው በቀኟ እስኪታይ ድረስ። መኪና አለፈ። ሌላ አለፈ። ደግሜ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ገመዳ ከኋላ ጆሮውን አቅንቶ "የሚመጣ አልሰማም" አለ።

"እኔም አላይም" አልኩትና አሻገርኳቸው።